አባባ በር ላይ ሲያስሉ

ይድረስ ለእታለም፣ ለታላቅ እህቴ፣ ለቤታችን ቁልፍ ያዥ፤

እንዴት ከርመሻል? እንደው እንዴት ነሽ? ያ የማይረባ ጥርስሽስ ተነቀለ ወይስ አሁንም እያባበልሽው ነው? እማዬ እንዴት ናት? ግፊቷስ? መድኃኒቷን ትውጣለች ወይስ እንደ ልማዷ «ዛሬስ ደህና ነኝ» እያለች ለክፉ ቀን ታስቀምጠዋለች? አክስቴ ከጎረቤቷ ጋር ታረቀች? ከታረቀችስ እንደገና ተጣላች? ማሙሽስ ሥራ ለመደ? እኔ ለጤናዬ ምንም አልል፤ የናንተ ናፍቆትና የስፖንጅ ብናኝ ካልሆነ በቀር ደረቴ ላይ የተቀመጠ ነገር የለም።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርሱልሽ ራሳቸው አባባ ናቸው። ዓርብ ጠዋት ይሳፈራሉ። ጉዳዩ ስለ እሳቸው ስለሆነ ፖስታውን ያሸግኩት በስፖንጅ ማጣበቂያ ነው፤ ያለ ቢላዋ አይከፈትምና ጥፍርሽን አታድክሚ። መንገድ ላይ ከፍተውት ከሆነ ግን፣ አባባ፣ ጤና ይስጥልኝ፤ ከዚህ በታች ያለው የእታለም ነው፤ እባክዎ እንደነበረ ያጥፉት።

እታለም፣ መቼም እኛ ቤት ሁላችንም ሥራ ተከፋፍለን ነው ያደግነው። አንቺ ብልኋ፣ ማሙሽ ሕፃኑ፣ እኔ ዝምተኛው። ማን እንዳከፋፈለን እግዜር ይወቅ። ማሙሽ ይኸው ጢሙን እየተላጨም ማሙሽ ነው፤ ነገ ልጅ ሲወልድ ልጁም «አባቴ ማሙሽ» ሊል ነው። የኔን አመጣጥ ግን አውቀዋለሁ። ትንሽ ልጅ ሳለሁ አንድ እንግዳ «ይሄ አይናገርም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ፤ እማዬም «እሱ ዝምተኛ ነው» አለችው። ዝም ያልኩት አፌ ዳቦ ሞልቶ ነው። ዳቦውን ከዋጥኩ በኋላ ግን እማዬን በእንግዳ ፊት ውሸታም ላለማድረግ ብዬ ዝም እንዳልኩ ቀረሁ። ይሄው እናንተ ዘንድ እስካሁን እየዋጥኩ ነው።

እዚህ ስመጣ ይህን የሚያውቅ አልነበረም። የምሠራበት ሶፋ ማደሻ በቁልፍ ቀራጭና በፎቶ ቤት መሀል የተሸጎጠች ጠባብ ቤት ናት፤ ጠዋት ስንከፍት ሶፋዎቹ እግራቸውን ሽቅብ ሰቅለው ይቀበሉናል። ባለቤቱን ሊቀመንበር እንለዋለን፤ ወንበር በማደስ የሚበልጠው የለምና ሹመቱ ይገባዋል። ሌላዋ ሰፊዋ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ሲያርፍ እሷ ወሬ ትጀምራለች። በመጀመሪያው ቀን የአንድ ባለጸጋ ሶፋ ሆዱን ቀድደን ብናየው ማንኪያ፣ ማበጠሪያ፣ የልጅ ጫማ፣ የብስኩት ፍርፋሪና ግማሽ ሰው ሠራሽ ጥርስ አገኘን። ከፍርሃት ይሁን ከረኀብ አላውቅም፣ «ይሄ ሶፋ ከኔ የተሻለ በልቷል» የሚል ነገር ከአፌ አመለጠኝ። ሰፊዋ ሳቀች። ሊቀመንበር መዶሻውን ጥሎ ሳቀ። በማግስቱ ስገባ ሁለቱም ሥራቸውን አቁመው አፍ አፌን ያያሉ። ሰው አፍ አፍሽን እያየ ሲጠብቅሽ እንዴት ዝም ትያለሽ? አንድ ነገር አልኩ። በነጋታውም ሌላ። ብዙም ሳይቆዩ ሬዲዮ የሚል ስም አወጡልኝ።

እንግዲህ እወቂው፤ ያ ዝምተኛ ወንድምሽ እዚህ ሬዲዮ ነው። ትክክለኛው እኔ የቱ ነኝ እያልኩ አንዳንዴ ስላጭ ራሴን እጠይቀዋለሁ። ብቻዬን ስሆን ዝምተኛውም ሬዲዮውም አይደለሁም፤ የሚላጭ ሰው ነኝ። ሁለቱን ለማግኘት የግድ ሰው መግባት አለበት።

ስለዚህ አባባ ሊጠይቁኝ እንደሚመጡ የጻፍሽልኝ ጊዜ ጉድ ፈላ። እሳቸው የሚያውቁት ዝምተኛውን ነው፤ ሊቀመንበር ደሞዝ የሚከፍለው ደግሞ ለሬዲዮው ነው ማለት ይቻላል። አማራጭ ሳጣ ጉሮሮዬን አሞኛል ብዬ ዝምታ መለማመድ ጀመርኩ። ሰፊዋ በየቀኑ ትኩስ ነገር እያፈላች ታመጣልኛለች፤ ሊቀመንበር ሐኪም ቤት ካልወሰድኩህ ይለኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት ያለ በሽታ አልታመምኩም።

አባባ ደግሞ ቀኑን ሳይነግሩኝ መጡ። ከአውቶቡስ ወርደው በቀጥታ፣ ያንን የችሎት ጥቁር ኮት እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ሻንጣቸውን እንዳንጠለጠሉ በሩ ላይ ቆሙና አሳሉ። ያቺን ሳል ታውቂያታለሽ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ችሎት አስከባሪ ሆነው፣ ዳኛ በገባ ቁጥር «ተነሱ!» እያሉ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲያስነሱ የኖሩ ሰው፣ ቤት ሲገቡ ማን ይቀመጣል? በር ላይ ያስላሉ፤ አንቺ ጣትሽን ከንፈርሽ ላይ ታደርጊያለሽ፤ ወሬው ይቆረጣል፤ ሁላችን ብድግ። እማዬ እንኳ ከመቀመጫዋ ጥቂት ከፍ ትልና ትመለሳለች።

ልማድ ክፉ ነው። መሬት ተቀምጬ፣ አፌን ምስማር ሞልቼ እየመታሁ ነበር፤ ሳሏን ስሰማ ተፈናጥሬ ቆምኩ። የኔን አቋቋም ያየው ሊቀመንበር ከመንግሥት ተቆጣጣሪ የመጣበት መስሎት ብድግ አለ። ሰፊዋ የጨርቅ ቁርጥራጩን በእግሯ ከመኪናው ሥር እየገፋች ተነሣች። ትራስ ሊያስለካ የመጣ ደንበኛ እንኳ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ቆቡን አውልቆ ቆመ። አባባ ግራ ቀኝ አዩንና አፋቸው የለመደውን «ተቀመጡ» አሉ። ሁላችን ቁጭ አልን። ሊቀመንበር የተቀመጠበት ሶፋ ግን ስፖንጁም ስፕሪንጉም የወጣለት ኖሮ፣ በጣውላው መሀል እስከ ብብቱ ሰመጠ፤ ከላይ የቀሩት እጆቹና ጉልበቶቹ ብቻ ናቸው። እዚያው ውስጥ ሆኖ፣ የንግድ ፈቃዱ የታደሰ መሆኑን፣ ግድግዳው ላይ ማየት እንደሚቻል፣ በልጆቹ እየማለ ይናገራል።

አባባ ሳቁ። እየቀለድኩ አይደለም። መጀመሪያ አሳሉ፤ ከዚያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሻንጣቸውን አስቀምጠው፣ የበሩን መቃን ይዘው ከአንጀታቸው ሳቁ። በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ የመንጋጋ ጥርሳቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት፤ አንዱ ወርቅ ነው! ይህን ታውቂ ነበር? የገዛ አባታችን አፍ ውስጥ ወርቅ ተቀምጦ እኛ በድህነት አደግን።

ከዚያ ወዲያ ክፍሌ አርፈው ይቀመጡ ብላቸው ማን ሰምቶኝ። በየቀኑ አብረውኝ ይመጣሉ፤ ከአሮጌ ሶፋ ላይ ምስማር መንቀል የእሳቸው ሥራ ሆነ። እዚህ የሚፈሩ ሰው መሆናቸውን ማንም አልተነገረውም። ሲያስሉ ሰፊዋ ውሃ ታቀብላቸዋለች እንጂ አትነሣም። አንድ ቀን ምስማር እየነቀሉ ወሬ ጀመሩ፦ ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ አውራ ዶሮ ይካሰሳሉ፤ የኔ ነው፣ የኔ ነው። ዶሮውን ለማስረጃ ይዘውት ቀረቡ። አባባ «ተነሱ!» ብለው ሲጮኹ ሰውም ተነሣ፣ ዶሮውም ከከሳሹ ብብት ተነሣና ሄዶ የዳኛው ወንበር ላይ ጉብ አለ። ዳኛው ገብተው ሲያዩት... እዚህ ላይ ሳቃቸው ቀደማቸውና ጨዋታው ቀረ። በሌላ ቀን እንደገና ሞከሩ፤ እዚያው ቦታ ላይ ደርሰው ፈነዱ። እስካሁን ዶሮው የማን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ሊቀመንበር ወደ እኔ ዞሮ፣ ለካ ሬዲዮ ዝም ብሎ አልተፈጠረም፣ ማሰራጫ ጣቢያው ይሄው መጣ አለ። አባባ ሬዲዮ የምባለው እኔ መሆኔን ያወቁት ያኔ ነው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን አንድ ጠማማ ምስማር ወረወሩብኝ።

ደግሞ አንዲት መድኃኒት ሻጭ የእናቷን ወንበር አምጥታ ነበር። ጨርቁን ቀየርን፣ ስፖንጁን ቀየርን፣ ስፕሪንጉን ቀየርን፤ እግሩን ነቀዝ በልቶት ኖሮ እሱንም ቀየርን፤ በመጨረሻ መደገፊያውም ስንነካው ዱቄት ሆነ። ልትወስድ መጥታ ተቀመጠችበትና ፊቷ ጠቆረ። ይሄ የእናቴ ወንበር አይደለም አለች። ሊቀመንበር «ነው» አለ፤ ቅርጹ አልተለወጠም። ሰፊዋ «አይደለም» አለች፤ ወንበሩ እዚያ ጥግ የተከመረው ቁርጥራጭ ነው፣ ይሄ የሊቀመንበር ወንበር ነው። እኔ እንደ ሬዲዮነቴ ሁለቱንም ወገን አስተላለፍኩ። ሴትዮዋ እንባዋ ሲመጣ አባባ ጉጠታቸውን አስቀምጠው፣ እናትሽ ሲቀመጡበት አንቺ የት ነበርሽ ብለው ጠየቋት። መሬት፣ በስተቀኝ በኩል፣ እጀታው ሥር አለች። እንግዲያው እዚያ ሆነሽ እዪው አሏት። ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች መሬት ተቀመጠች፤ ራሷን እጀታው ላይ አሳረፈች፤ ቆየት ብላም፣ ነው፣ እሱ ነው አለች።

አባባን እኮ ሁልጊዜ ቆሜ ነው ያየኋቸው። መቼ ቁጭ ብዬ አይቻቸው አውቃለሁ?

ወደ ክፍሌ ስንመለስ መንገድ ላይ ደፍሬ ጠየቅኳቸው፦ እኚህ የሚስቁ ሰውዬ እስከ ዛሬ የት ነበሩ? እየተራመዱ ነገሩኝ። አያታችን የሞቱ ጊዜ እሳቸው በኩር፣ ገና ጎረምሳ፤ ለቀስተኛው ሲገባ አንድ ሽማግሌ በኩር ልጅ ጥርሱን አያሳይም አሏቸው። ፊታቸውን ለሐዘኑ ሰሞን ብቻ ብለው ቋጠሩት። ሐዘኑ አለቀ፤ ፍታው ያላቸው ግን የለም። ቀጥሎ ፍርድ ቤቱ ለዚያ ፊት የሚስማማ ኮት ሰጣቸው። ቀጥሎ እኛ ተወለድንና በገቡ ቁጥር እንቆምላቸው ጀመር፤ ቢስቁ በከንቱ የቆምን እንዳይመስለን ፈሩ።

አሁን የምነግርሽን ተቀምጠሽ አንብቢ። ያቺ ሳል ማስጠንቀቂያ አልነበረችም። አባባ ማታ ከሥራ ሲመጡ በር ላይ ቆመው የኛን ጨዋታ ያዳምጡ ነበር። አንቺ አክስቴን ስታስመስዪ፣ ማሙሽ ሲንከተከት፣ ሁሉንም ይሰማሉ። ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል በመሐረብ አፍነው ይውጡታል፤ ሲወጣ ሳል ሆኖ ይወጣል። እኛ ደግሞ ሳሏን ሰምተን ጸጥ። «ብርድ ላይ ቆሜ የሰማሁትን ጨዋታ ገብቼ ልጨርሰው ስል ያልቅብኛል» አሉኝ። እታለም፣ እኔ መንገድ ዳር አለቀስኩ፤ እሳቸው ደግሞ ሰው ያየናል ብለው ተቆጡኝ።

የምጽፍልሽ ለዚህ ነው። ትናንት ለጉዞ ኮታቸውን ሲተኩሱ ፊታቸውም አብሮ ሲተኮስ አየሁ። ምሳ ላይ ሰፊዋ ስትቀልድ በአፍንጫቸው ብቻ ሳቁ። እየተመለሱ ነው፤ መንገዱ ሳይጀመር ቤት ደርሰዋል። ይዘውት የመጡትን ሳቂታ ሰውዬ እዚህ ጥለውት እንዳይሄዱ ፈራሁ፤ እኔ ብቻዬን ምን አደርገዋለሁ? ፍርዱ ያለው አንቺ ጋ ነው፤ ጣቱን ከንፈርሽ ላይ የሚያደርገው ያንቺ እጅ ነውና። በር ላይ ሲያስሉ ስትሰሚ ምንም የምታወሪው ባይኖርሽ እንኳ አውሪ። ጮክ ብለሽ አውሪ። አክስቴን አስመስዪ፤ አክስቴ አጠገብሽ ብትሆን እንኳ አስመስዪያት፣ እኔ እክሳታለሁ። ማንም እንዳይነሣ። ተነሺ ተነሺ ይልሻል፣ አውቀዋለሁ፤ የወንበሩን እጀታ ያዢ።

ለእማዬ ጉልበቷን ሳሚልኝ። ስለ ወርቁ ጥርስ ጠይቂያት፤ ቀድሞ ታውቅ ከነበረ ደብቃናለች ማለት ነው፤ ካላወቀች ደግሞ ምኑን አግብታ ኖረች? ለአክስቴ እንደምን አለሽ በይልኝ፤ ስለ ማስመሰሉ አስቀድመሽ አትንገሪያት። ለማሙሽ ሰላምታዬን ስታደርሺ በሙሉ ስሙ ጥሪው፤ ይደንግጥ፣ ይልመደው። እኔም ስመጣ ዝምተኛው መጣ ብላችሁ አትቀበሉኝ፤ ዳቦውን ውጬዋለሁ።

አንቺን ደግሞ በናፍቆት እስምሻለሁ። መልስሽን ስትጽፊ ደህና ደረሱ፣ ተቀበልናቸው የሚለው አይበቃኝም። ዶሮው የማን ሆኖ እንደተፈረደ ጻፊልኝ። ያኔ ቁጭ ብላችሁ እንደሰማችኋቸው አውቃለሁ።

ወንድምሽ፣ ሬዲዮው

ከሶፋ ማደሻው፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ስፖንጅ ከሌለው ወንበር ላይ
ረቡዕ ከምሳ በኋላ፣ ሰኔ ፲፩ ቀን