ሁለት ከዋክብት ስለጣሉት ጥናቴና ስላልተፈረመው የሦስት ቀን ፈቃድ

ለተከበሩ አቶ ከማል፣ የመምህራንን ፈቃድ ለሚፈርሙት ኃላፊያችን
ከሚሴ፣ ጥር 2010 ዓ.ም.

እንደምን ከረሙልን? አላህ ጤናዎን፣ ስብሰባዎንና ወንበርዎን ያጽናልዎ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። አልተናደድኩም፣ አላለቀስኩም፤ ብቻ ምንም ነገር ምንም አይለኝም።

1ኛ. ለሁለተኛ ዲግሪዬ ያጠናሁት የስበት ሞገድ ከብርሃን ዘግይቶ ይጓዛል የሚለውን ሐሳብ እንደነበር በማመልከቻዬ ገልጬልዎታለሁ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ሳሉ ግን ሁለት ከዋክብት ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ተጋጭተው የላኩት ሞገድና ብርሃን ያን ሁሉ መንገድ አቋርጠው እኩል ሊባል በሚችል ሰዓት ምድር ደረሱ፤ ሐሳቤም ወደቀ። አማካሪዬ የወደቀበትን በስሌት ካሳየሁ ዲግሪው እንደማይቀርብኝ፣ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ዩኒቨርሲቲው ካልቀረብኩ ግን እንደምሰረዝ ነገሩኝ። የጠየቅኩዎት የሦስት ቀን ፈቃድ ነበር። ያለ ፈቃድ የቀረ መምህር ይሰናበታል የሚለው ማስታወቂያ በርዎ ላይ ተለጥፏል፤ እሱን ፈርመውታል፣ ፊርማዎም ያምራል።

2ኛ. ነገ ነይ ማለትዎ ሲበዛ አባቴ እንደ አገራችን ወግ ሽማግሌ ሰበሰቡ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሐጂ ኢብራሂም ማሽላቸውን አውድማ ላይ ጥለው ከጨፋ በባጃጅ መጡ። እርስዎም በክብር ተቀበሏቸው፣ ዱዓ ተደረገ፣ እኔንም ይቅር አሉኝ። ወላሂ፣ ምን እንደበደልኩዎት እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ሰው ሁሉ ሲያየኝ ጊዜ አጎንብሼ አመሰገንኩ። ሽማግሌ የሚላከው ለጠብ ነውና ሁሉም ስለ ጠብ ብቻ ተናግሮ፣ ፈቃዱን ማንም ሳያነሳው አይዞሽ፣ አብሽሪ ብለውኝ ተሰነባበቱ። ባልተጣላነው ጠብ ስለታረቁኝ ምስጋናዬ ወደር የለውም።

3ኛ. ታኅሣሥ አለቀ። የመጨረሻው ቀን አሥረኛ ክፍል ስለ ስበት እያስተማርኩ ነበር። ጠመኔው ተሰበረብኝ፣ አንስቼ ቀጠልኩ። አራት ክረምት የለፋሁበት ነገር እንዲያ ሲያልፍ አንዲት እንባ እንኳ አለመምጣቷ ያስፈራኛል።

ስለ ሰፊው ትዕግሥትዎ፣ በተለይም በእኔ ጉዳይ ላይ ስላሳዩት፣ እጅ እየነሳሁ፣

በይቅርታዎ የምትኖረው
ረቢአ ዩሱፍ፣ የፊዚክስ መምህርት

ማሳሰቢያ፦ በግማሽ ዓመቱ ሪፖርትዎ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ካጠናቀቁት መምህራን አንዷ ተብዬ መቆጠሬን ሰማሁ። ባይሆን ስሜን እንዲሰርዙልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ለመሰረዝ የእርስዎ ፊርማ የሚያስፈልግ ከሆነ ግን ግዴለም፤ ጡረታ እስክወጣ ምሩቅ ሆኜ እኖራለሁ።