በአዳራሽዎ ዞሮ ስለገባው መርፌ

ለተከበሩ የንግድ ትርኢቱ አዘጋጅ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በአዳራሹ በር ላይ በትልቁ የተሰቀለው «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚለው ጽሑፍም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ከታላቅ እህቴ ጋር መጥተን የተደረገልንን መስተንግዶ ሳላመሰግን ብቀር ኅሊናዬ ስለሚወቅሰኝ ይህን በአደባባይ ጽፌያለሁ።

የመጣነው ለሽርሽር አልነበረም። ካሉን ሁለት የስፌት መኪናዎች አንዱ ሞቶብናል፤ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ የተማሪዎቹን የደንብ ልብስ በቀኑ ካላስረከብን ሥራው ለሌላ ይሰጣል፣ እኛ ደግሞ ሌላ መተዳደሪያ የለንም። ለወፍራም ጨርቅ የሚሆነው መኪና በአዳራሽዎ ካሉት ሻጮች አንዱ ዘንድ ብቻ ይገኛል ስለተባልን ገሥግሠን መጣን። ምስጋናዬም ለእርሱና ለእርስዎ ነው።

1. ሻጩ ከፊታችን አስቀድሞ ጫማችንን ስለተመለከተልን አመሰግናለሁ። ዋጋ ስንጠይቀው ለእኛ የሚሆን አለመሆኑን ወዲያው በመንገሩ ጊዜያችንን ቆጥቦልናል። እህቴ ጫማዋን ጠዋት ሁለት ጊዜ ጠርጋው ነበር።

2. ልብስ ሰፊ መኪና የሚገዛው ከቤቱ ቁራጭ ጨርቅ ይዞ ሄዶ፣ በገዛ እጁ ሰፍቶ ሞክሮ ነው። እኛም የደንብ ልብሱን ቁራጭ ይዘን ነበር። ሻጩ ግን ጨርቋን በሁለት ጣቱ አንስቶ መሬት ላይ ከጣላት በኋላ፣ ዕቃ የሚነካው የሚገዛ ሰው ብቻ መሆኑን አስተማረን። ሳይነኩ የሚገዛ ነገር እስካሁን የማውቀው ሎተሪን ብቻ ነበር።

3. የመኪናው መርፌ ፊቱ ወደ ኋላ ዞሮ መግባቱን አየሁ፤ ሃያ ስድስት ዓመት የሰፋ ዓይን ይህን አይስትም። ሰው ፊት እንዳላሳፍረው ጠጋ ብዬ በጆሮው ብነግረው ጥበቃ ጠራብን። የእህቴ ቦርሳ በሕዝብ መካከል እንደ ሌባ ቦርሳ ተበረበረ። ይህችን በቀልድ ልጽፋት ሞክሬ አልቻልኩም።

4. ስንወጣ ገና በሩ ጋ ሳንደርስ ሻጩ ለክብር እንግዶች ሊያሳይ መኪናውን አስነሣ፤ ክሩ ተተበተበ፣ ስፌቱ ዘለለ፣ መርፌው ቀጭ አለ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው። እርሱ ግን ያበላሹት ሁለቱ ሴቶች ናቸው ብሎ ለእንግዶቹ ሲያስረዳ በጆሯችን ሰማን።

5. ወደ ቢሮዎ ብንመጣ ጸሐፊዎ ቅሬታ የሚሰማው ትርኢቱ ከተዘጋ በኋላ መሆኑን በትሕትና ገልጻልናለች። ለእርሷም ዕድሜ ይስጥልኝ።

ክብረትዎ ይብዛ፣ አዳራሽዎ ይስፋ እያልኩ፣ በቀረችን አንዲት መኪና ተራ በተራ ከምንሰፋው እህትማማቾች ታናሺቱ ነኝ።

የተረሳ ነገር፦ ሻጩ ጨርቃችንን ሲጥል ለብሶት የነበረው፣ የትርኢትዎ ምልክት ያለበት ሰማያዊ ሰደርያ የእህቴ የእጅ ሥራ ነው፤ ለሻጮችዎ ሁሉ የሰፋነው እኛ ነን። ለሚቀጥለው ዓመትም እንድንሰፋ የላኩልን ትእዛዝ ደርሶናል። የእኛዋ መኪና ለተማሪዎቹ እንኳ በጭንቅ የምትደርስ ስለሆነች ትእዛዙን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼልዎታለሁ። ለሻጩ ይስጡት፤ እርሱ መኪና አለው።