ሽማግሌ የላኩት ሲስተሮች

ጥቅምት 4
ገበያ ዋልኩ። ስመለስ ልጄ ሳያት ቤት የለችም... የት ትሆናለች? እነዚያ መነኩሴ ሲስተሮች ጋ ነዋ። ካቶሊክ ከሆነች ወዲህ ለቤቷ እንግዳ ናት። ሴቶቹ ገጠር ኖፓ ሄደው ትምህርት ቤት ሊከፍቱ ነው አሉ። ተጠርተናል ይላሉ። ማን ጠራቸው? የኖፓ ሰው ራሱ መውጫ ሲያገኝ ወደ እኛ ወደ መቱ ነው የሚሮጠው።

ጥቅምት 9
ጋሼ ወልደ ማርያም እሁድ ለሽምግልና እመጣለሁ ብለው ላኩብኝ። ከማን ዘንድ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል? ከቡና ነጋዴው ከደርበው ነው፣ ለልጁ ለመክብብ። ልጁ ግልብ ነው፤ ዓይኑን ከሞባይሉ አይነቅልም። ግን ፎቅ አላቸው። በግ ገዛሁ።

ጥቅምት 13
ጉድ ሆንኩ።
ጋሼ ከሌላው ሽማግሌ ከኦቦ ቀኖ ጋር በጠዋት መጡ። እንደ ወጉ፣ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። «ልጅዎን ፈልገን ነው» አሉኝ። ሰው «እስቲ ከዘመድ ልማከር» ብሎ ይቀጥራል። እኔ ቀላል፣ ደርበው ሐሳቡን እንዳይለውጥ ፈርቼ «ሰጥቻለሁ» አልኩ። ኦቦ ቀኖ «ዋቅኒ ሃ ኤቢሱ»፣ እግዜር ይባርክ ብለው መረቁ። ከዚያ በኋላ ነው ጋሼ ጉሮሯቸውን የጠረጉት። የላከቻቸው የሲስተሮቹ አለቃ፣ ሲስተር ነፃነት ናት! ሳያት ልመንኩስ ብላቸው ኖሯል። መነኩሴ ሽማግሌ ሲልክ የት ታይቷል? ጋሼም ሲስተሮቹ እግራቸውን ስላከሙላቸው ይላላኩላቸዋል።
ለሽማግሌ የሰጡትን ቃል ደግሞ ማን ያጥፋል...

ጥቅምት 14
ሲስተር ነፃነት ራሷ መጣች። ጫማዋ የተቀደደ። ልትመጻደቅብኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ «እትዬ፣ በስህተት የተሰጠ ቃል አንቀበልም። ወደው ካልሰጡን አንወስዳትም» አለችኝ። ሳያት አልለመነችኝም። ሲስተሯን አስቤ እነግርሻለሁ አልኳት። ወጉ አሁን ትዝ አለኝ!

ኅዳር 2
ሳያት ቤት ልታሠራቸው ኖፓ ከሄደች ሰነበተች። ዛሬ ሄድኩ። እውነቱን ልጻፍ፣ ልስቅባቸው ነው የሄድኩት። በር የለም፣ ጆንያ ሰቅለዋል። ሲስተር ነፃነት ጭቃ ትረግጣለች። እቤቷ ድስት አጥባ የማታውቀው ልጄ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆና ግድግዳ ትመርጋለች። ጠማማ ነው አልኳት። ሳቀች... አባቷ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም።
ሲስተር ነፃነትን ጠርቼ «ሰጥቻለሁ» አልኳት። አሁን ለማን እንደሆነ አውቄ።

ኅዳር 9
የደርበው ሚስት ገበያ ላይ ከንፈሯን መጠጠችልኝ። እያወቀች፣ ልጅሽን ለማን ሰጠሽ አለችኝ።
«ለኖፓ» አልኳት።
አልገባትም። ምን ይግባት? ከፎቋ ወርዳ የት ታውቃለች!