ከመስመሩ መጀመሪያ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ማክሰኞ ጠዋት ስልኩን ጆሮህ ላይ የዘጋሁብህ እኔ ነኝ። እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። ልብስ እያጠብኩ ነበር፤ እጄ አረፋ በአረፋ ነው። "ሃሎ" ስል ትንፋሽ ብቻ ሰማሁ። "ማነው?" አልኩ። "እ... እ..." የሚል ድምፅ መጣ። "አንተ ሥራ ፈት፣ ሌላ ሰው ፈልግ" ብዬ ጠረቀምኩት። አፌ እንደሆነ ታውቀዋለህ፣ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚነሳው። ልብሱን አስጥቼ ስጨርስ ቁጥሩ ያንተ ከተማ መሆኑን አየሁ። ባልዲውን ገልብጬ ቁጭ አልኩበትና አለቀስኩ።

መልሼ ደወልኩ። የመሥሪያ ቤትህ ዘበኛ አንስተው "ልጥራው?" አሉኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆመህ እንድትናገር አልፈለግሁም። "ይተዉት፣ እጽፍለታለሁ" አልኳቸው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየወሩ ጽፈህልኛል፤ በታይፕ፣ አንድ ስህተት የሌለበት። "የስልኩ መስመር መጥፎ ነው" ትለኛለህ፣ እኔም ያመንኩ እመስላለሁ። ባለፈው ወር ልጄን ሚጢን እንዳንተ ቃል እየያዛት እንደሆነ ጻፍኩልህ። አምስት ዓመቷ ነው፤ አንተን የምታውቅህ በፎቶ ብቻ ነው። የደወልከው ለእሷ ብለህ ይመስለኛል።

ያኔ ያልጻፍኩልህ ነገር አለ። አንድ ቀን ቁርስ ላይ "እ-እ-እማዬ" ስትል ብርጭቆውን በማንኪያ ሁለቴ መታ መታ አደረግሁት። እንዳደረግሁት እንኳ አላወቅሁም። አፏን ዘግታ እጄን አየች። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ያንተ ነበር።

አባባ በፊት ለፊቱ ክፍል ታይፕ ሲያስተምሩ ታስታውሳለህ። ተማሪው ፊደል ሲስት በእርሳሳቸው ጠረጴዛውን ሁለቴ መታ አድርገው "ከመስመሩ መጀመሪያ" ይሉታል። በሦስት ወር ጣቱ ይገራል። ምላስም እንደ ጣት የሚገራ መሰላቸው። ራት ላይ አንተን ቃል ሲይዝህ እርሳሱ ይመታል፣ አንተም ከመስመሩ መጀመሪያ ትጀምራለህ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በእጃቸው ነክተውህ አያውቁም።

የሚያመሹ ቀን እርሳሱን የሚሰጡት ለእኔ ነበር። ሰባት ዓመቴ ነበር፣ አንተ አሥራ ሁለት። በማግስቱ ስንቴ እንደመታሁ እነግራቸዋለሁ፤ "ጎበዝ ልጄ" ይሉና የታይፕ መኪናው ፊት አስቀምጠው አንድ መስመር እንድመታ ይፈቅዱልኛል። የመስመሩ መጨረሻ ላይ ያቺ ትንሽ ደወል ቅጭል ትላለች። ወንድም ጋሼ፣ ለዚያች ደወል ስል አንዲት ፊደል እንኳ አላልፍህም ነበር።

ክፍላችሁ ውሻ የገባ ቀን ትዝ ይልሃል? እየሳቅህ ነው ከትምህርት ቤት የመጣኸው። ራት ላይ "ው-ው-ውሻ" ስትል መታሁ። ደግመህ ጀመርክ፣ መታሁ። ስድስት ጊዜ። ወሬህ ውሻው የክፍሉ በር ላይ ከቆመበት ሳያልፍ "ተይው በቃ" ብለህ ምግብህ ላይ አቀረቀርክ። ከዚያ በኋላ ራት ላይ አፍህን አልከፈትክም። አባባ ለጎረቤቱ ሁሉ "ልጄ ዳነልኝ" እያሉ አወሩ፣ እኔም አብሬ ኮራሁ።

ባለፈው ወር ሚጢን ትምህርት ቤቷ ወዳለችው የሥነ ልቦና ባለሙያ ወሰድኳት። ያንተንም ታሪክ አወራኋት።

"ወንድምሽ ዝም ሲል ምን ያገኝ ነበር?" አለችኝ።

"ምንም።"

"እርሳሱስ?"

"እሱማ ይቆማል።"

"እንግዲያው ትልቅ ነገር አግኝቷል። የተማረው መናገርን አይደለም፣ ዝም ማለትን ነው። አንቺንም ደወሉ አስተምሮሻል።"

ሰው ከክፉ ነገር ያዳነውን ይደግማል፣ ያሳመመውን ይተዋል አለችኝ፤ ሲቀጣ የተወው ነገር ግን ከውስጡ ጠፋ ማለት አይደለም፣ ተደበቀ እንጂ። "ከስንት ጊዜ በኋላ ፈርቶ ሲሞክር የሚያገኘው መልስ ደግሞ ከባድ ነው" ያለችኝ ማክሰኞ ባልዲው ላይ ቁጭ ብዬ ትዝ አለኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይተህ ሞከርክ፣ እኔም መታሁህ።

አሁን ቤታችን ሌላ ነው። ሚጢ ስታወራ አንቸኩልም፣ ቃሏን አንጨርስላትም፣ ስትጨርስ ላለችው ነገር እንመልስላታለን። እኔ ራሴን ስለማላምን ራት ላይ እጆቼን ከጭኔ ሥር አድርጌ እቀመጥባቸዋለሁ። ባለቤቴ "ዛሬም እጅሽን አስረሽው?" እያለ ይስቅብኛል። ሳቀ አልሳቀ፣ ልጅቷ ማውራት አላቆመችም። እንዲያውም አላስበላ አለችን።

ትናንት ስላንተና ስለ ውሻው ነገርኳት።

"እ-እንደ እኔ ነው የሚያወራው?" አለችኝ።

"አዎ፣ እንደ አንቺ።"

ቀጥላም፣ "ው-ው-ውሻው ግን ምን አደረገ?" አለች።

"አላውቅም። ሳይጨርስ አስቆምኩት።"

"ታ-ታዲያ ይደውልና ይንገረን።"

እሑድ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ መሥሪያ ቤትህ ባዶ ይሆናል አይደል? ስልኩን የምታነሳው እሷ ናት፤ ወንበሯን ስልኩ አጠገብ ከአሁኑ አስጠግታለች። እኔ ከጎኗ ነኝ። ዝም ብትልም አንዘጋም፣ አንድ ቃል ግማሽ ሰዓት ቢፈጅብህም አንዘጋም። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ውሻው ያ በር ላይ ከቆመ። ከመስመሩ መጀመሪያ አትጀምር፣ ወንድሜ። ካስቆምኩህ ቦታ ቀጥል።

እጆቿ ላይ ተቀምጣ የምትጠብቅህ፣
እህትህ