በባዶ እግር የተገኘ የፍሬን ብልሽት

ይድረስ ለአባዬ፤

ጉልበትህ ተሽሎህ ይህ ደብዳቤ ይድረስህ። እኔም ጋራዥህም ደህና ነን።

ትናንት አንዲት አስተማሪ «ፍሬን ስይዝ ይጮኻል» ብላ መኪናዋን አመጣች። አብሬያት ወጣሁ። መታጠፊያው ላይ ፍሬን ስትይዝ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየን። «ሰማሽው?» ስትለኝ ከንፈሯን አይቼ፣ አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩላት።

ከዚያ መሪውን ተቀብዬ፣ እንዳስተማርከኝ ጫማዬን አውልቄ ፔዳሉን በባዶ እግሬ ረገጥኩት። ውስጥ እግሬን ነዘረኝ። የፊቱን ጎማ ስፈታው የፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረቱ ዲስኩን ሲፍቀው ከርሟል። ያኔ ጫማ ስታስወልቀኝ እስቅብህ ነበር፤ እጅህ ይባረክ፣ ዛሬ እሱ ነው የሚያበላኝ።

ወንድሜ «ስልክ አታነሳም» ብሎ እንዳይቀየመኝ ንገረው። አንተም ከእንግዲህ ጻፍልኝ እንጂ አትደውል። ጽሑፍህን ሳነብ ድምፅህ እንደ ድሮው ጥርት ብሎ ይመጣልኛል።

ሳትሰለች ያስተማርካት ልጅህ