ተሳፋሪ የማይጎድልበት ኤርፖርት

አንቺ ጉደኛ፣ እንዴት ነሽልኝ? በዚህ ፖስትካርድ ላይ የምታዪው ኤርፖርት አየር መንገዱ ለቱሪስት ብሎ የሠራው፣ ራሱም የሚያስተዳድረው ነው። ቱሪስቱ ግን የለም። ዛሬ በረራዬን ስጠብቅ ጥሪ ተሰማና ተሳፋሪው ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ተሰለፈ፤ እኔም ተከተልኩ። በሩ ሲከፈት አውሮፕላን የለም! ሰዎቹ ባዶውን ሜዳ ዞሩና በመድረሻው በር ተመልሰው ገቡ። ሻንጣ ተሸካሚው "እንኳን ደህና መጣችሁ!" ብሎ ተቀበለን።

አብራኝ የተሰለፈችው የጽዳት ሠራተኛ፣ "ልምምድ ነው እህቴ፤ ሥራው እንዳይጠፋን በየቀኑ ያሠሩናል። ተሳፋሪዎቹም እኛው ነን" አለችኝ። ሻንጣዋን ላግዛት ባነሣው ባዶ ነው። በእኛ መናኸሪያ ቢሆን ወንበር ለመያዝ በመስኮት ነበር የምንገባው፤ ያ ግፊያ ናፈቀኝ ብልሽ ታምኛለሽ?

"የእኔስ በረራ መቼ ነው?" ብላት ደነገጠች። "ውይ! አዲስ የተቀጠርሽ መስሎኝ!"

ካርዱ አለቀብኝ፤ ጠርዙ ላይ ነው የምጽፍልሽ። እማማን በሁለቱም ጉንጫቸው ሳሚልኝ፤ ያንን ቀልደኛ ባልሽንም ሰላም በይልኝ። ይኸው አሁን በስሜ እየጠሩኝ ነው። ሻንጣዬን ሳነሣው ግን እንደ ጽዳት ሠራተኛዋ ሻንጣ ባዶ ሆኖ ቀለለኝ።