የሆራው ተራ

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ድብ! «በፓርኩ ክልል ውስጥ ድቦችን መመገብ የተከለከለ ነው» ይላል የረቂቅ አዋጁ አንቀጽ ዘጠኝ። በዚህ አገር ድብ ያየ ሰው ካለ እጁን ያውጣ አልሁ። ማንም አላወጣም። ካድሬያችን ጓድ ታደሰ ግን፣ «ይቆይ፣ ለወደፊቱ ሊያገለግል ይችላል» አለ። ለወደፊቱ! ድቦቹ በአውሮፕላን ሊመጡ ነው መሰለኝ። አንዱ የወዳጅ አገር ሕግ ተሰጥቶት ቃል በቃል ገልብጦታል፤ የቀሩት ደግሞ ሳያነቡ ፈርመውበታል። ረፋዱን ሙሉ ተከራክሬ ድቡን አስወጣሁ።

ይህቺ ትንሿ ድል ናት። ትልቁን ልሸነፍ ነው።

አዋጁ ብሔራዊ ፓርኮችንና ታሪካዊ ቦታዎችን ባንድ ላይ የሚያስተዳድር ነው። (መቃብርና ሚዳቋ ባንድ ዘበኛ ይጠበቃሉ ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም። ባውቀው ደስ ይለኝ ነበር።) በደቡብ ቆላ ያለውንም ፓርክ ያሰፋዋል። አዲሱ ወሰን ሆራውን ይውጠዋል። ሆራው ጨዋማ ምንጭ ነው፤ የዚያ ቆላ ከብት ሁሉ የሚወርደው ወደ እሱ ነው። አንቀጽ ዐሥራ ሦስት ከብት ይዞ ፓርክ የገባ ይታሰራል ይላል። አንቀጽ ዐሥራ አራትን የጻፍሁት እኔ ነኝ፦ አርብቶ አደሮቹ በልማዳዊ ተራቸው ከብቶቻቸውን ወደ ሆራው ሊያመጡ ይችላሉ። ሁለት መስመር ናት። እሷ ከወጣች ያ ሁሉ ሕዝብ አዋጁ በወጣ ማግስት ወንጀለኛ ነው።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ሻለቃው፣ «ፓምፕ እንተክልላቸዋለን። ንጹሕ ውሃ። ሌላ ምን ጎደለባቸው?» አለ።

«ጨው» አልሁ። ከብት ሆራ የሚወርደው ጠምቶት አይደለም። ውሃ ሌላም ቦታ አለ። ጨዉን ካላገኘ ይከሳል፣ ወተቱም ይነጥፋል።

«ጓድ አሥራት፣ አንተ የሕግ ሰው ነህ ወይስ የከብት ሐኪም?»

ሁሉም ሳቁ። በታናሽ ወንድሜ ዕድሜ ያለ ሰው «አንተ» ይለኛል። ረቂቁ ዓርብ ይጠናቀቃል ተብሏል፤ ከዚያ ወደ በላይ ይሄዳል።

አውቶቡሱ መካኒሳ አቦ ላይ አራገፈን። ከዚያ እስከ ላፍቶ በእግር፣ በጭቃ። ቤት ስደርስ የጎረቤታችን የአቶ ጉተማ ላሞች አጥሬን ጥሰው ጎመኔን ጨርሰውታል። ቀበሌ እከሰዋለሁ ብዬ ተነሣሁ። ሚስቴ አልማዝ በሩ ላይ ቆማ ሳቀችብኝ። «ቀን ለከብት ጥብቅና ቆመህ ማታ ከብት ልትከስ?»

ይህ ሌላ ነገር ነው። ፈጽሞ አይገናኝም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ከኮሚቴው አባላት ውስጥ ሆራውን ያየነው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን። እኔና ዶክተር ዮናስ፣ የዱር እንስሳት ባለሙያው። ሌሎቹ ያዩት ካርታ ነው። ካርታ ላይ ሆራው ከዝንብ አይበልጥም።

እኔ በጥር ወርጄ ነበር። የማይረሳኝ ጸጥታው ነው። ያ ሁሉ ከብት፣ ያ ሁሉ አቧራ፣ ግን ግፊያ የለ፣ ጭቅጭቅ የለ። አንድ ሽማግሌ በትሩን ተደግፎ ቆሟል። በትሩን ሲያነሣ አንዱ መንጋ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። ይኸው ነው። እኛ የዳቦ ሰልፍ ለማስከበር ሁለት አብዮት ጥበቃ ከነጠመንጃው እናቆማለን፤ ሰልፉ ግን እስካሁን አልተከበረም።

ዛሬ ዮናስን ኮሪደር ላይ ያዝሁት። ለምን ትቃወመኛለህ አልሁት። ሰላሳ ሦስት ሰላሳ አራት ቢሆነው ነው፤ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ጨዋ ልጅ። ጨዋነቱ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ።

«ጋሽ አሥራት፣ ሳላና የሜዳ አህያም ያን ጨው ይፈልጋሉ። ከብቱ ሲመጣ እነሱ ይሸሻሉ። በሽታም አለ። አንዴ ከከብቱ ከተጋባባቸው ማን ይከትባቸዋል? እርስዎ?»

መልስ ሳጣ ድምፄ ይጨምራል፤ ጨመረ። «እነዚያ ሰዎችና እነዚያ አውሬዎች አንተ ሳትወለድ አብረው ኖረዋል!» ብዬ ጮኽሁበት። ሰው ከየቢሮው አንገቱን ብቅ አደረገ። ዮናስ ከንፈሩን ነክሶ ሄደ።

ጅል ነኝ። የሚያስፈልገኝ አንድ ሰው ነበር፣ እሱንም አባረርሁት።

አጥሩን በእሾህ ጠገንሁ። እጄ ደማ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

አንቀጽ ዐሥራ አራት ተሰረዘ።

እንዲህ ነው የሆነው። ጓድ ታደሰ ቀይ እርሳሱን አውጥቶ «ልማዳዊ ተራ» የሚለውን አሰመረበት። «ልማዳዊ ማለት የባላባት ሥርዓት ርዝራዥ ማለት ነው። በትር የያዘ ሽማግሌ በአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሕግ ውስጥ ምን ይሠራል?» አለ። ሽማግሌው ባላባት አይደለም፣ መሬት የለውም፣ ግብር አይቀበልም አልሁ። ያለው ሥልጣን ተራ ማስከበር ብቻ ነው፣ እሱም ስለሚታመን ነው። «ይቅርታ ጓድ አሥራት፣ ያለፈው ሥርዓት የናፈቀው ሰው ትመስላለህ» አለኝ።

ይህ ቃል በቀልድ የሚባል አይደለም። አምና ከእኛ መምሪያ ይህ የተባለውን ሰው በማግስቱ ወሰዱት፤ ሚስቱ እስካሁን ስንቅ ይዛ ትመላለሳለች።

ዝም አልሁ። አዎ፣ እኔም ዝም አልሁ። ሻለቃው ግራ ቀኝ አየና፣ «ተቃውሞ ከሌለ ይሰረዝ» አለ። ዮናስ ወረቀቱን እያየ ነበር። ቀና አላለም።

ከሰዓት በኋላ ምንም አልሠራሁም። መስኮቱን አየሁ። ያን ሁሉ ዓመት ሕግ የተማርሁት ለዚህ ነው?

ለአልማዝ ነገርኋት። ልብስ እያጠፈች ነበር፤ ማጠፏን አቆመች።

«ተወው።»

«ስህተት ነው እኮ።»

«ስህተት ይሁን። ሁለት ልጅ አለህ። የማታውቃቸው ሰዎች ከብት ይበልጥብሃል ወይስ የልጅህ የሶስና ትምህርት?»

«አውቃቸዋለሁ።»

«አንድ ቀን አይተሃቸው!»

ከወዲያኛው አጥር ከሆሳዕና የመጡት ጴንጤ ጎረቤቶቻችን በር ዘግተው በለሆሳስ ይዘምራሉ። ከተሰሙ እነሱንም ይወስዷቸዋል። ግን ይዘምራሉ። ለምን እንዳናደደኝ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ሌላ ሰው ቢሆን ይቅርታ ይጠይቃል። እኔ ዮናስ ቢሮ የገባሁት ልጣላው ነው። ትናንት አንገትህን ደፍተህ ቀረህ ልለው።

«እርስዎስ?» አለኝ።

ተቀመጥሁ።

ሻይ አዘዘልኝ። ቀዝቃዛ ሻይ፤ ስኳሩ በራሽን ስለሆነ እንደ መድኃኒት ነው የሚሰጡት። መነጫነጭ ጀመርሁ። አዋጁን፣ ካርታውን፣ ፓምፑን፣ ሁሉንም ረገምሁ። በመሃል እንዲህ አልሁ፦ «የዚያ ቆላ ሦስት ጎሳዎች በየተራ ያጠጣሉ፤ ሦስቱ ካጠጡ በኋላ ሆራው አንድ ቀን ያርፋል። ያን ቀን ሰው ዝር አይልም። ሽማግሌው ራሱ አይወርድም። ይህን የመሰለ ሥርዓት ጥለን ነው እንግዲህ…»

ዮናስ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ምን ያርፋል?»

«ሆራው። ምንጩ እንዲጠራ፣ ጨዉ እንዲመለስ ይላሉ።»

«ይድገሙልኝ።»

ደገምሁለት። ፊቱ ተለዋወጠ። ለጥናቱ ኮረብታው ላይ ድንኳን ተክሎ የከረመ ሰው ነው። ከዚያ ላይ ሆኖ አውሬ ሲቆጥር አንዳንድ ቀን ሳላውም የሜዳ አህያውም እንደ ጉድ ይወርዳል፣ ሌላ ቀን አንድም የለ። በነፋስ አመኻኝቶ ነበር። ኋላ ጨረቃ ነው አለ። «ለፈረንጅ መምህሬ ጨረቃ ነው ብዬ ጽፌለታለሁ» አለኝ፤ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ። «ጨረቃ! እሱም ወዶታል!»

ሳቅሁ። ስንት ጊዜ ሆነኝ እንዲህ ከሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ከብቱ ያለበትን ቀን ያየው ነበር፤ ግን ከብትና አውሬ ጠላት ናቸው ብሎ ስለተነሣ፣ ከብቱን የሚያስቀርላቸው ራሱ የእረኞቹ ደንብ ይሆናል ብሎ አላሰበም። ማንንም አልጠየቀም። ለካ እኔም ደንቡን ይዤ የእረፍቱ ቀን የማን ቀን እንደሆነ አልጠየቅሁም። አውሬው ግን ያውቅ ነበር።

«ሰዎቹን ከከለከልናቸው…» አለ ዮናስ።

«ቀን ይከለከላሉ፣ ሌሊት ተደብቀው ይመጣሉ። በተራ ሳይሆን በሽሚያ። የእረፍት ቀን የሚባል ነገር አይኖርም።»

«አውሬውም አይኖርም።»

ከዚያ ሠራን። አንቀጹን እንደገና ጻፍሁት። «ልማዳዊ» የምትለዋን ቃል አወጣሁ፣ ሽማግሌውን አወጣሁ። «የአካባቢው ገበሬ ማኅበር በሚያወጣው ተራ መሠረት፣ የምንጩን የእረፍት ቀን ጠብቆ» አልሁ። ሽማግሌው የገበሬ ማኅበሩ የተራ አስከባሪ ኮሚቴ ይሆናል፤ በትሩም የእሱ እንደሆነ ይቀራል። ይህን ማድረግ ያስጠላኛል። አንድን እውነተኛ ነገር የካድሬ ካፖርት አልብሶ በበር ማስገባት። ግን በበር ካላስገባሁት በምን ላስገባው?

ዓርብ፣ ግንቦት 8

የተሰረዘ አንቀጽ እንደገና አይነሣም አለ ጓድ ታደሰ ገና ሳንቀመጥ። ልናገር ስል ዮናስ ቀደመኝ። አልለመነም፣ አልጮኸም። ከብቱ በተራ ካልመጣ አውሬው ሆራውን ያጣል፤ አውሬው ሆራውን ካጣ ፓርክ የለም፤ ፓርክ ከሌለ አዋጅም የለም አለ። የጨረቃዋን ነገር ራሱ ተናገረ። ራሱን አዋረደ ማለት ነው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። እኔ አላደርገውም ነበር።

ጓድ ታደሰ አዲሱን አንቀጽ ተቀብሎ አነበበ። «ገበሬ ማኅበር» የሚለው ላይ ሲደርስ ፊቱ ተፈታ። «ይህ ሌላ ነው! ይህማ የሰፊው ሕዝብ ድርጅት ነው። መጀመሪያውኑ እንዲህ አትልም ነበር?» ጥርሴን ነከስሁ። ሽማግሌው ያው ሽማግሌ፣ ተራው ያው ተራ።

«ፓምፑስ?» አለ ሻለቃው።

ፓምፑም ይተከል ተባለ። ለምን? ስለተጠየቀ።

አንቀጹ ገባ። ገባ! ግን ሻለቃው ጅራት ቀጠለበት፦ «ሆኖም ሚኒስትሩ በማናቸውም ጊዜ ሊያግደው ይችላል።» በማናቸውም ጊዜ። በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንጠቅ። ዮናስ እጁን ጨበጠኝ፤ እኔ ግን ጅራቷን ብቻ ነው የማያት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

የቀበሌ ዘመቻ። ቦይ ቁፋሮ። ጎን ለጎን የቆምነው እኔና አቶ ጉተማ ነን። አካፋ አያያዜን አይቶ፣ «አቶ አሥራት፣ ያን እንደ እስክሪብቶ ባትይዘው» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ስለ አጥሩ ነገርሁት። እሱም ነገረኝ፦ ያ መንገድ ቤቴ ከመሠራቱ በፊት ላሞቹ ወደ ወንዝ የሚወርዱበት ነበር። «እኔ ዞር በሉ ብላቸው እሺ ይሉኛል። እግራቸው ነው የማይሰማኝ» አለ። ጎመኔን የበላው የእግራቸው ነገር አይደለም፣ የአፋቸው ነው አልሁት። ይህንም ሳቁበት።

ቤት ስመለስ አልማዝ የጓሮውን አጥር በአንድ በኩል ከፍታ፣ ጎመኑን በሌላ በኩል አጥራበታለች። ሳትጠይቀኝ። «አቶ ጉተማ ወተት ሊሰጠን ነው» አለች። ንድድ አለኝ። ግን የከፈተችውን አልዘጋሁም።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ሻለቃው ቢሮ ብቻዬን ገባሁ። ጉዳይህ ምንድን ነው አለኝ። ጅራቷ አልሁ።

«አንተ ሰውዬ አትጠግብም?»

«አልጠግብም። በማናቸውም ጊዜ ማለት ያለ ምክንያት ማለት ነው። ነገ አንዱ ሹም በመኪናው ሲያልፍ ከብት መንገድ ከዘጋበት ያግዳቸዋል።»

ቀና ብሎ አየኝ። ዘበኛ ሊጠራብኝ ነው ወይስ ሊያስወጣኝ? ቀስ ብሎ፣ «ለመንግሥት አንድ ምክንያት ስጠው እንግዲህ። አንድ ብቻ» አለ።

«በሽታ። ወረርሽኝ ሲነሣ፣ እስኪጠፋ ድረስ። ሌላ የለም።»

እስክሪብቶውን አነሣ። «በማናቸውም ጊዜ» የሚለውን ሰርዞ በእጁ ጻፈው። ጽሕፈቱ እንደ ዶሮ ጭረት ነው፣ ግን ይነበባል። «ይህን ያዘጋጀው ማነው ቢባል ማን ልበል?» አለኝ።

እዚህ ላይ አልማዝ ትዝ አለችኝ። ሶስናም።

«እኔ» አልሁ።

«ስምህን ጻፍበት እንግዲህ።»

በጠርዙ ላይ ከነአባት ስሜ ጻፍሁ፣ ፈረምሁም። ከዚህ በፊት በየትኛውም አንቀጽ ጎን የረቂቅ አዘጋጅ ስም ተጽፎ አይቼ አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ረቂቁ ታሽጎ ወደ በላይ ሄደ። ዮናስ መስኮት ላይ ቆሞ መኪናው ሲወጣ አየ፤ እኔ አላየሁም።

ከላይ የሚያነበውን ሰው አላውቀውም። ሆራ ምን እንደሆነ ያውቅ ይሆናል፣ አያውቅም ይሆናል። ሊሰርዘው ይችላል። ለአልማዝ አንቀጹ አለፈ አልኋት፤ ስለ ስሙ አልነገርኋትም።

ከሰረዘው ማንን መጥራት እንዳለበት ያውቃል። ይጥራኝ።